ስም የሰጠቻቸው ድምፆች

ሃያት ድንኳን ውስጥ ብቻዋን ታድራለች ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ እሷም ራሷ አላሰበችውም። ተወልዳ ያደገችው ቡሬ ከተማ ውስጥ፣ እናቷ ሳቢራ በርበሬ በምትነግድበት ግቢ ነው። በዚያ ግቢ ሌሊት ማለት የሦስት እህቶች ትንፋሽ፣ የአክስቷ ሳልና ከአጥር ውጭ የሚያልፍ የጭነት መኪና ድምፅ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስትገባም መኝታ ክፍሏን ከአምስት ሴቶች ጋር ተጋራች። ሃያ ስድስት ዓመት እስኪሞላት ድረስ በአንድ ጣሪያ ሥር ብቻዋን ተኝታ አታውቅም።

ከቤት ያስወጣት ሥራው ነው። በውኃ ምህንድስና ተመርቃ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ከተቀመጠች በኋላ፣ ለአነስተኛ መስኖ ጥናት የሚሠራ አንድ ድርጅት ቀጠራት። በመስከረም መጨረሻ ከጅጋ ወጣ ብሎ ወደሚገኝ ወንዝ ይታገሱ ከሚባል ቴክኒሻን ጋር ተላከች። ይታገሱ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ከቤቱ ይልቅ በመስክ ያደረበት ሌሊት የሚበዛ ሰው ነው። የተሰጣቸው ሥራ ውስብስብ አልነበረም። ወንዙ ዳር በተተከለው መለኪያ የውኃውን ከፍታ በየሦስት ሰዓቱ እያነበቡ ለአምስት ቀንና ሌሊት መመዝገብ፣ በዚያውም የአፈር ናሙና የሚወሰድበት አንድ ጉድጓድ ማስቆፈር ነው። ሁለት ድንኳን ተከሉ፤ አንዱ የእሱ፣ አንዱ የእሷ።

መሬቱ የአያ ተስፋው ነው። አያ ተስፋው ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ረጅም ቀጭን ገበሬ ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ከሰውነታቸው የማይጠበቅ ወፍራም ነው። ቤታቸው ከጉብታው ማዶ ስለሆነ ከድንኳኑ አይታይም። በመጀመሪያው ቀን የበቆሏቸው ጠርዝ ላይ ቆመው ድንኳኑን በመገረም ተመለከቱና፣

«ልጄ፣ በዚህ ሸራ ውስጥ ነው የምታድሪ?» አሏት።

«አዎ፣ አያ ተስፋው።»

«እንግዲያ ከፈራሽ ተጣሪ። እመጣለሁ» ብለው ሄዱ።

ሁለቱ ድንኳኖች ተጠጋግተው ስለነበር የመጀመሪያው ሌሊት በይታገሱ ማንኮራፋት ታጅቦ አለፈ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሁለት የቀን ሠራተኞች መጥተው ጉድጓዱን ቆፈሩ። ከሃያት ድንኳን ስድሳ እርምጃ ያህል ይርቃል፤ ጥልቀቱ ሁለት ሜትር ተኩል ነው፤ ግድግዳው አፈሩ በየንብርብሩ እንዲታይ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። ከሰዓት በኋላ ዙሪያውን በእንጨትና በእሾህ ሊያጥሩት ነበር። ነገር ግን ወደ ስምንት ሰዓት ላይ ይታገሱን ብርድ ብርድ አለው። በዘጠኝ ሰዓት ጥርሱ መንገጫገጭ ጀመረ። ወባ እንደሆነች ሳይመረመር አወቃት። ሃያትና ሠራተኞቹ ከብት እንዳይገባበት ብለው ጉድጓዱን በበቆሎ አገዳ ሸፈኑት፤ አጥሩ ለነገ ይደር ተባለ።

ከጅጋ የተጠራው ሞተረኛ ሲደርስ ይታገሱ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተነሣ።

«አብረን እንሂድ» አላት። «ልኬቱ ይቅር።»

«ልኬቱ ከተቋረጠ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ሂድ አንተ፤ እኔ አልፈራም።»

መዋሸቷን አውቋል። ሞተሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ እንኳ እጇን አልለቀቀም።

«ስሚኝ፣ ሃያት። እኔም መጀመሪያ ሰሞን ልሞት ነበር። ሌሊት ድምፅ ስትሰሚ ስም ስጪው። ‹ይሄ እንቁራሪት ነው፣ ይሄ ጉጉት ነው› በይ፤ ጻፊው። ስም ያወጣሽለት ነገር አያስፈራሽም። ሰው ሲጮህ ከሰማሽ ደግሞ የበቆሎ ጠባቂ ነው። ጃርትና ከርከሮ ሲያባርሩ ሲጮሁ ነው የሚያድሩት።»

ከዚያ ሄደ። የሞተሩ ድምፅ እስኪጠፋ ቆማ አዳመጠች። ብዙም ሳይቆይ ስልኳ ጮኸ፤ እናቷ ነበረች። የሆነውን ነገረቻት።

«ሰው አገር ጫካ ውስጥ ብቻሽን ልታድሪ?»

«ጫካ አይደለም እማ፤ የበቆሎ ማሳ ነው።»

«ለሌሊት ምን ለየው?» አለች ሳቢራ። ከዚያም ድምፅዋን ቀንሳ፣ «ከቁርኣኑ አየተል ኩርሲን ሳትቀሪ እንዳትተኚ» አለቻት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሃያት ወንዙ ዳር ወርዳ መለኪያውን አነበበች፤ ሰማንያ አራት ሳንቲ ሜትር። ተመልሳ ድንኳኗ ውስጥ ገባችና ዚፑን እስከ ታች ዘጋችው። ደብተሩን ገለጠች። የግራው ገጽ ለውኃው ከፍታ ነው። በቀኙ ገጽ ላይ ይታገሱ እንዳላት የድምፆቹን ስም ልትጽፍ እርሳሷን ቀሰረች።

ጨለማው ሲወርድ ለካ እንዲህ ቶሎ ነው! ከአፍታ በፊት በሸራው ውስጥ የሚታየው አረንጓዴ ሁሉ ጠፋ፤ የቀረው የእጅ ባትሪዋ ክብ ብርሃን ብቻ ሆነ። ወዲያው ቀን ያልነበረ ድምፅ ሁሉ ከየጎሬው ወጣ። አንድ ነገር ተንቋቋ። አዳመጠች። «እንቁራሪት» ብላ ጻፈች። ሌላ ነገር ተንሿሿ፤ «የበቆሎ ቅጠል»። አንድ ነገር በረጅሙ አፏጨ፤ ምን እንደሆነ አላወቀችም፤ ግን «ወፍ» አለችው። ከሩቅ ጅብ ጮኸ። እሱንስ ታውቀዋለች፤ ቡሬም ይጮሃል። «ጅብ፣ ሩቅ።» በጻፈች ቁጥር ትከሻዋ ትንሽ ይላላ ጀመር።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ አንድ ነገር ተሰብሮ ዱብ አለ። መሬቱ በፍራሿ ሥር የነቀነቃት መሰላት። ትንፋሽዋን ዋጠች። እንደገና ምንም የለም። «ቅርንጫፍ ወደቀ፣ 2፡40» ብላ ጻፈች።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጩኸቱ መጣ።

«ሆ—!»

የወንድ ድምፅ ነው፤ ወፍራም። ከየት አቅጣጫ እንደመጣ አልለየችውም፤ ከምድር ሥር የወጣ ይመስላል። ሃያት በዚያች ቅጽበት ስለ ራሷ አንድ ነገር አወቀች። የምትፈራው ጅብ አይደለም፤ ሰው ነው። እዚህ ቦታ አንዲት ሴት ብቻዋን እንዳለች የሚያውቅ ሰው። ባትሪዋን ድርግም አድርጋ አጠፋች። ጨለማው ውስጥ ጉልበቷን አቅፋ ተቀመጠች። «ጠባቂ ነው፤ ከርከሮ ሲያባርር ነው» አለች ለራሷ፤ ደጋግማ አለችው። ጩኸቱ ሲቆም ባትሪዋን በጣቶቿ ሸፍና አበራችና ጻፈች። «ጠባቂ፣ 2፡45።»

ሦስት ሰዓት ሲሆን መለኪያውን ለማንበብ መውጣት ነበረባት። ቢስሚላህ ብላ ዚፑን ከፈተች። ወንዙ ከድንኳኑ በታች ነው፤ ባትሪዋን እግሯ ሥር ብቻ እያበራች ወረደች። እዚያ የውኃው ድምፅ ሌላውን ሁሉ ዋጠው። ሰማንያ ስድስት። ስትመለስ አጋማሽ መንገድ ላይ ጩኸቱን እንደገና ሰማች፤ አሁን ቀርቧል። ባትሪዋን አጥፍታ በደመ ነፍስ ሮጠች። የድንኳኑ ገመድ ጠልፎ በደረቷ ጣላት፤ በአራት እግሯ እየዳኸች ገባች። «ጠባቂ፣ 3፡10።»

ከዚያ በኋላ ዝናብ ጣለ። ሸራው ላይ እንደ ከበሮ ተንደቀደቀ። በዝናቡ መካከል ድምፁ ይመጣል፤ ይጠፋል። በመጣ ቁጥር ብርሃኗን ታጠፋለች፤ በጠፋ ቁጥር አብርታ ትጽፋለች። አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ዝናቡ ለአፍታ ጋብ ሲል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል የሚመስል ነገር ሰማች። «…ጄ! ልጄ!» ይላል። ጠባቂው ከልጁ ጋር ነው የሚያድረው ማለት ነው ብላ አሰበች። ይህ ሐሳብ እንዲያውም አረጋጋት፤ ልጅ ይዞ የሚያድር ሰው ክፉ አይሆንም። «ጠባቂ፣ ልጁን ይጠራል፣ 4፡15።» ከዚያም ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ከስልኳ የቁርኣን ንባብ ከፈተች።

ስድስት ሰዓት ላይ በዝናቡ ውስጥ ሮጣ መለኪያውን አንብባ ተመለሰች፤ ዘጠና አራት። በንባቡ መካከል የሰማችውን የመጨረሻ ጩኸት የጻፈችው ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ጩኸቱ አልተመለሰም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መለኪያውን ለማንበብ ስትነሣ እግሯ አልተንቀጠቀጠም። ዝናቡ አቁሟል፤ ወንዙ አንድ ሜትር ከሁለት ሳንቲ ሜትር ደርሷል። ባትሪዋን እንደ ልቧ እያወዛወዘች ወረደች፤ እንደ ልቧ ተመለሰች። «እንዲህ ነው እንዴ!» አለች ጮክ ብላ። ለይታገሱ ጠዋት የምትነግረውን እያሰበች፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን፣ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወሰዳት።

ጠዋት የቀሰቀሳት የሴት ድምፅ ነው። ዚፑን ስትከፍት የአያ ተስፋው ባለቤት እትዬ ማሚቱ በጤዛ የራሰ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ቆመዋል። እጃቸው ላይ በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን አለ፤ ከሥሩ እንፋሎት ይወጣል።

«እንደምን አደርሽ፣ ልጄ? የተቀቀለ በቆሎ ነው። ለሁለታችሁ ነው፤ ሳይበርድ ብሉ።»

«ይታገሱ የለም፣ እትዬ። ትናንት አሞት ሄዷል።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ለተስፋውና ላንች ማለቴ ነው።» ዙሪያውን ተመለከቱ። «የት ሄደ?»

«አያ ተስፋው? እዚህ አልመጡም።»

እትዬ ማሚቱ ፈገግ አሉ፤ የምትቀልድ መስሏቸው ነው። «ማታ ነው እንጅ የመጣ። ከገበያ እንደተመለሰ፣ ያ ሰውየ ታሞ ልጅቱ ብቻዋን ቀረች አሉ፤ እስኪ ልያት፤ ከፈራች እዚያው በቆሎ መጠበቂያው ማማ ላይ አድራለሁ ብሎኝ ወጣ። አንችን ሳያይ የት ይሄዳል?»

«በስንት ሰዓት?»

«እንጃ፤ ሁለት ሰዓት አልፎ ይመስለኛል።»

የሃያት ዓይን በእትዬ ማሚቱ ትከሻ ላይ አልፎ ስድሳ እርምጃ ርቆ አረፈ። ትናንት አራት ማዕዘን ሆኖ ተዘርግቶ የነበረው የበቆሎ አገዳ መካከሉ ጎድሏል።

እንዴት እንደሮጠች አታስታውስም። ጫማ አላደረገችም። አፋፉ ላይ በደረቷ ተደፍታ ወደ ታች ስታይ፣ መጀመሪያ የታያት ቡናማ ውኃና በላዩ የሚንሳፈፍ ቅጠል ነው። ከዚያ ጋቢ። ከዚያ ፊት። አያ ተስፋው በውኃው ውስጥ እስከ ወገባቸው ተነክረው፣ ጥግ ላይ ጀርባቸውን አስደግፈው፣ በአንድ እግራቸው ቆመዋል። ከንፈራቸው አመድ መስሏል። ዓይናቸው ግን ክፍት ነው፤ እሷን እያየ ነው።

«ነጋ?» አሉ። ድምፅ አልነበረውም፤ ትንፋሽ ብቻ ነው።

ከኋላዋ እትዬ ማሚቱ «ኧረ ወገን! ኧረ የሰው ያለህ!» ብለው ኡኡታውን አቀለጡት፤ ሳህኑ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ተሰማ። ሃያት አላሰበችም። ዘለለች። ውኃው እስከ ደረቷ ረጫት፤ ቅዝቃዜው አጥንቷ ውስጥ ገባ። ሽማግሌውን በብብታቸው ይዛ ወደ ላይ ደገፈቻቸው። ሰውነታቸው እንደ እርጥብ ሸራ ከብዶ ትከሻዋ ላይ አረፈ። በውኃው ሥር የቀኝ እግራቸው ቅልጥም ማጠፍ በሌለበት ቦታ መታጠፉን በጉልበቷ ዳሰሰችው፤ ሳታስበው ጮኸች። የጮኹት እሳቸው አልነበሩም፤ እሷ ናት።

ሰው ከየማሳው ተጠራርቶ መጣ። መሰላል ወረደ፤ ጠፍር ተወረወረ። ጎረቤቶቹ አያ ተስፋውን አውጥተው በቃሬዛ እስከ አስፋልቱ ተሸከሟቸው፤ ከዚያ በባጃጅ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ደረሱ። ሃያት መንገዱን ሁሉ አብራ ነበረች፤ ባዶ እግሯን፣ ልብሷ ጭቃ ለብሶ፣ ደብተሩን በብብቷ ይዛ። ደብተሩን መቼ እንዳነሣችው አላወቀችም።

ሐኪሞቹ በሽተኛውን ሲያስገቡ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ገለጠችው። በቀኝ ገጽ፣ በራሷ እጅ ጽሑፍ፣ ሁሉም አለ። ሁለት ከአርባ። ሁለት ከአርባ አምስት። ሦስት ከአሥር። ቆጠረችው፤ የሰውየው ጥሪ አሥራ አንድ ጊዜ ተመዝግቧል። አንድ ሰው ለእርዳታ የተጣራበትን ሰዓት እንዲህ አጥርቶ የጻፈ የለም። «ልጁን ይጠራል» የሚለው መስመር ላይ ስትደርስ ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች። ሰውየው ልጅ ይዞ አላደረም። ልጄ ያለው እሷን ነው።

እትዬ ማሚቱ መጥተው ሁለቱን እጆቿን ያዙ፤ ጭቃ ያለበትን እጇን ሳሙት። «አንች ባትኖሪ ኖሮ» አሉ እያለቀሱ። «እንደ ወንድ ዘለሽ የገባሽ! የወለድሁት አያደርገውም!» አብረው የመጡት ጎረቤቶችም መረቋት። ሃያት እጇን ቀስ ብላ ስባ ደብተሩን ዘጋችው።

ይታገሱ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ክንዱ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶለት ተኝቶ ነበር። ሄዳ ነገረችው። ሲሰማ ቢጫ ሆነ።

«አጥሬው ብሄድ ኖሮ» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ አንቺ ምን አደረግሽ? ግን ያንን ገጽ… ሃያት፣ ማንም አላየውም አይደል? ቅደጂው። ምን ይጠቅማል? ሰውየው ድኗል።»

«ጠባቂ ነው ያልከኝ አንተ ነህ» አለች። ልትወቅሰው አልነበረም፤ ድምፅዋ ግን እንደ ወቀሳ ወጣ።

«አዎ» አለ። «እኔ ነኝ።»

ገጹን አልቀደደችውም። አያ ተስፋው እግራቸው ተቀዶ ብረት ገብቶላቸው፣ በሦስተኛው ቀን መናገር ሲችሉ፣ እትዬ ማሚቱ ልብስ ሊያጥቡ የወጡበትን ሰዓት ጠብቃ ገባች። ሽማግሌው ሲያዩዋት ትራሱ ላይ ራሳቸውን ቀና አደረጉ።

«አያ ተስፋው፣ ሰምቼዎት ነበር» አለች፤ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ።

ሽማግሌው ወደ እሷ ዘወር አሉ።

«ሌሊቱን ሲጣሩ ሰምቼዎታለሁ። አሥራ አንድ ጊዜ። ጽፌዋለሁ።»

«ጻፍሽው?»

ደብተሩን አወጣች። «አንብቢልኝ» አሉ። «መነጥሬ እቤት ነው።»

አነበበችላቸው። ከእንቁራሪቱ ጀምራ፣ አንድም ሳታስቀር። «ቅርንጫፍ ወደቀ» ስትል፣ «እሱ እኔ ነኝ» አሉ በቀስታ፤ ከንፈራቸው ጥግ ላይ ሳቅ የሚመስል ነገር ታየ። «ልጁን ይጠራል» ስትል ግን ሳቁ ጠፋ። ጨርሳ ደብተሩን ዘጋች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው መለሱ።

«ጠባቂ አልሽኝ?» አሉ።

«አዎ።»

«እንግዲያ አልተሳሳትሽም። ስጠብቅሽ አይደል ያደርሁ?»

እንደ ዘብ ሲጠብቋት ማደራቸው ይሁን፣ ትመጣለች ብለው ሲጠብቋት፣ ሃያት መለየት አልቻለችም። ሁለቱም እኩል ወጓት። እንባዋ መጣ። ሆኖም ሦስቱን ቀን ስታሰላስለው የከረመችውን ጥያቄ ጠየቀች።

«ከስድስት ሰዓት በኋላ ጥሪዎት ቆመ። ድምፅዎ ተዘግቶ ነው?»

አያ ተስፋው ለመመለስ የፈለጉ አይመስሉም ነበር። የብርድ ልብሱን ጠርዝ በጣታቸው አፍተለተሉ።

«አይ፤ ድምፅስ ነበረኝ። ጉድጓዱ ውስጥ ሆኜ ብርሃንሽ በበቆሎው ጫፍ ላይ ይታየኝ ነበር። እሱን ሳይ ልቤ ይመለሳል። ግን በተጣራሁ ቁጥር ድርግም ይላል። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ እንዲያው ባጋጣሚ ነው አልሁ። ኋላ ነው የገባኝ። ይች ልጅ የምትፈራው እኔኑ ነው አልሁ። ላጽናናት መጥቼ በድንጋጤ ልገድላት ነው አልሁ። እግሬ እንደሁ ተሰብሯል፤ እስኪነጋ ቢቆይ ምን ይሆናል? ብየ ዝም አልሁ።»

ሃያት የሰማችውን ወዲያው አልተረዳችውም። ቃሉ ጆሮዋ ላይ ደርሶ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ገባ። ያን ሌሊት «እንዲህ ነው እንዴ!» ያለችበት ጸጥታ፣ ፍርሃቷን አሸነፍኩ ብላ የተኛችበት ጸጥታ፣ እኚህ ሰው እንደ በረዶ በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ በአንድ እግራቸው ቆመው ለእሷ ብለው የያዙት ዝምታ ነው። ደብተሩ ከእጇ ወደቀ፤ ለማንሣት እንኳ አልጎነበሰችም።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስወጣ አይተውኛል?» አለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስላል።

«አየሁሽ። ብርሃንሽ ሲጫወት አየሁት። አልፈራችም፣ ተመስገን አልሁ።»

«ያን ጊዜ ቢጠሩኝ እመጣ ነበር! አልፈራሁም ነበር!»

«እሱን በምን አውቃለሁ፣ ልጄ?»

ክፍሉ ውስጥ ሌላ በሽተኛ አቃሰተ። አያ ተስፋው እጃቸውን ዘረጉ፤ ሃያት ግን መያዝ አልቻለችም፤ እዚያው ቆማ ተንሰቀሰቀች። ሲበቃት ሽማግሌው ድምፃቸውን ቀንሰው፣

«ለማሚቱ እንዳትነግሪያት» አሏት። «ስትሞት እንኳ አትረሳልሽም።»

ሃያት ሁለት ሰዓት ያህል ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ዞረች። እትዬ ማሚቱ የታጠበ ልብስ አጥር ላይ ሲያሰጡ አገኘቻቸው። ሲያዩዋት ፊታቸው በራ፤ «ነይ፣ ጀግናይቱ!» አሉ። ይህን ቃል መሸከም አልቻለችም። እዚያው አጥር ሥር፣ በእርጥቡ ነጠላ መካከል ቆማ፣ የሰማችውንም የጻፈችውንም ነገረቻቸው። ባለቤታቸው ለምን ዝም እንዳሉ የነገሯትንም አልደበቀችም።

እትዬ ማሚቱ ልብስ መስቀላቸውን አላቆሙም። ነጠላውን አራግፈው ዘረጉት፤ ጫፉን አስተካከሉት። ከዚያ እጃቸው እዚያው ነጠላው ላይ ቀረ።

«እኔም እሱን ነው ያልሁት» አሉ፤ ለእሷ ይሁን ለራሳቸው አልታወቀም። «ሌሊት ጩኸት ከሩቅ ሰምቼ ነበር። ጠባቂ ነው ብየ ተገላብጬ ተኛሁ። አርባ ዓመት አብሬው የኖርሁ፣ የባሌን ድምፅ አላወቅሁትም።»

ሃያት አንድ ነገር ልትል ስትል እትዬ ማሚቱ እጃቸውን አነሡ።

«አሁን ሂጅልኝ። አንችን ማየት አልችልም። ሌላ ቀን ትመጫለሽ።»

ሃያት ሄደች። በማግስቱ ከሁለት ሠራተኞች ጋር ወደ ወንዙ ተመልሳ ጉድጓዱን እስከ አፉ ደፈነችው፤ እሷም አካፋ ይዛ ነበር። ድንኳኑን ነቅላ ጠቀለለችው። ለድርጅቱ በጻፈችው ሪፖርት ውስጥ ጉድጓዱ ሳይታጠር ማደሩን፣ ጥሪውን ሰምታ አለመውጣቷን፣ ሰዓቱን ሁሉ አስገባች። አለቃዋ ደውሎ ይህ ሁሉ ዝርዝር ለምን እንዳስፈለገ ጠየቃት። «የሆነው ይኸው ስለሆነ» ብላ ዘጋችው። ልኬቱ ከመጀመሪያው ተጀመረ፤ ሌሎች ሰዎች ሄዱበት።

ቡሬ ቤቷ ውስጥ ለብዙ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። እህቷ በሕልሟ ስትቃዥ፣ ጎረቤት በር ሲንኳኳ፣ ተነሥታ ትወጣለች። አንድ ሌሊት ሳቢራ በረንዳው ላይ ቆማ አገኘቻትና ምንም ሳትጠይቅ ሻሿን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋላት አጠገቧ ቆመች።

አያ ተስፋው በኅዳር ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሃያት ይህን ስትሰማ ከቡሬ በጠዋት ተነሥታ እስከ ጅጋ በመኪና፣ ከዚያ በእግሯ ሄደች። በቆሎው ተሰብስቦ ማሳው ራቁቱን ቀርቷል፤ መንገዱ የሌላ አገር መስሏታል። ጉብታውን ወጥታ ደጃፉ ላይ ስትደርስ እትዬ ማሚቱ በሩን ይዘው ቆመው አዩዋት። ፊታቸው አልበራም፤ አልጠቆረምም። ሃያት አንገቷን ደፍታ ቆመች።

«ምነው ቆመሽ ቀረሽ?» አሉ እትዬ ማሚቱ፣ ከበሩ ዘወር እያሉ። «ግቢ። ተኝቷል፤ ቀስ በይ።»

ሃያት ጫማዋን አውልቃ ገባች።